ውፍረቱን አስልታችኋል፤ አከፋፈቱንስ?

ይህ ለጀማሪ የዲዛይን መሐንዲሶችና ለጥገና ባለሙያዎች ያደረግሁት ንግግር ነው። በቃል ያልኩትን ትንሽ አቃንቼ ጽፌዋለሁ። መጨረሻ ላይ ከተነሱት ጥያቄዎችም አንዱን ጨምሬያለሁ።

እንደምን ዋላችሁ። ሥራ ውላችሁ፣ ደክሟችሁ እንደመጣችሁ አውቃለሁ። ስለዚህ ሳላንዛዛ ወደ ስሌቱ ልግባ።

ሰሌዳው ላይ አንድ ጋን ሥያለሁ። ውስጡ ግፊት ያለበትን የተዘጋ የብረት ዕቃ ሁሉ ዛሬ ጋን እያልኩ ነው የምጠራው። የዚህኛው ዲያሜትር 1 ሜትር ነው። የሚሸከመው ግፊት 10 ባር፤ 1 ባር ማለት በየካሬ ሴንቲ ሜትሩ ወደ 1 ኪሎ የሚጠጋ ግፊት ነው። ላሜራው ተራ የካርቦን ብረት ሆኖ በየካሬ ሚሊ ሜትሩ 138 ኒውተን ይፈቀድለታል። ብየዳው በራጅ የታየው በከፊል ብቻ ስለሆነ ጥንካሬውን 85 በመቶ ብለን እንይዘዋለን። ቀመሩን ስትሠሩት 4.3 ሚሊ ሜትር ይወጣል። ለዝገት 3 ሚሊ ሜትር ጨምሩ፣ 7.3 ሆነ። ስለዚህ 8 ሚሊ ሜትር ላሜራ እናዛለን። አለቀ።

ስንት ደቂቃ ፈጀብን? አሥር ደቂቃ አይሞላም። ትምህርት ቤት ግን ይህንን ለመማር ብዙ ወራት አሳልፈናል፤ ፈተና ላይ የሚመጣውም እሱ ነው። ስሌቱን እያቃለልኩት አይደለም። ያለ እሱ ማንም ጋን መሥራት የለበትም። ነገር ግን በሥራ ዘመኔ ካየኋቸው አደጋዎችና ለጥቂት ከተረፍንባቸው ቀናት ውስጥ፣ ስሌቱ ስለተሳሳተና ላሜራው ስለሳሳ የመጣ አንድም አላስታውስም። የማስታውሳቸው ሁሉ የመጡት ጋኑ ሲከፈት፣ ሲታጠብ፣ ሲፈተን፣ ሥራ ሲጀምር፣ ሲቆም ወይም "ለጊዜው" ተብሎ አንድ ነገር ሲቀየርበት ነው። ዛሬ የማወራችሁ ስለ እነዚያ ቀናት ነው። ዲዛይን ስታደርጉ ሐሳባችሁ እዚያ ላይ እንዲሆን እፈልጋለሁ።

አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። ገና ጀማሪ ነበርኩ። ፋብሪካውን አልጠራም። ሥራው በየዙሩ እየተሞላ፣ እየሞቀ፣ እየተራገፈ የሚሄድ ነው። በየዙሩ መጨረሻ ላይ የጋኑ የሰው መግቢያ ክዳን ይከፈታል። ክዳኑ ዲያሜትሩ 60 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ዙሪያውን በብሎን የታሰረ ነው። ሁለት ልጆች መፍቻ ይዘው ወጡ። የግፊት መለኪያውን፣ ጌጁን፣ አዩ፤ ዜሮ ይላል። የአየር ማስወጫው ቫልቭ ተከፍቷል። ምንም ድምፅ የለም። ዳዶዎቹን ሙሉ በሙሉ አውልቀው ክዳኑን ሊያነሱ ነው።

ፎርማናችን፣ ጋሽ እያልን የምንጠራቸው ሰው፣ ከታች ሆነው "ቆይ!" አሉ። ወጡ። አንዱንም ዳዶ አላወለቁም። ከራሳቸው በተቃራኒ በኩል ያለውን አንዱን ዳዶ ትንሽ አላሉ። ከዚያ አጠገቡ ያለውን። ከዚያ ሽብልቅ አምጥተው የክዳኑን ጠርዝ በቀስታ ፈልቀቅ አደረጉ። ፉጨት ተሰማ። ቀጥሎ ሞቅ ያለ፣ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ጋዝ በዚያ ቀጭን ስንጥቅ መውጣት ጀመረ። ለብዙ ደቂቃ ወጣ። ጋሽ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብለው ቆመው ይጠብቃሉ። እኔ ዓይኔን ከጌጁ ላይ አልነቀልኩም። ያ ሁሉ ጋዝ ሲወጣ መርፌው ከዜሮ ንቅንቅ አላለም።

በኋላ የአየር ማስወጫውን ቱቦ ስንፈታው ውስጡ በደረቀ ምርት ተደፍኗል። ቫልቩ ተከፍቷል፣ ቱቦው ግን ዝግ ነው።

አሁን ቁጥሩን ተመልከቱ። ክዳኑ 60 ሴንቲ ሜትር ነው ብያለሁ። ስፋቱ ወደ 2,830 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይመጣል። ውስጡ 10 ባር ቢኖር ክዳኑን ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል ወደ 29 ቶን ነው። ይህንን ሁላችንም ስለምንፈራው ማንም አይነካውም። የሚያታልለው ትንሹ ነው። አንድ አሥረኛ ባር ብቻ ቢቀርስ? ወደ 290 ኪሎ ነው። ከክዳኑ ሥር ሦስት አራት ጠንካራ ሰዎች ሆነው በአንድ ጊዜ ወደ ላይ ሲገፉት አስቡት። ክዳኑ ላይ ያጎነበሰው ልጅ ደግሞ ፊቱ እዚያው ነው።

ጌጁስ ለምን ዜሮ አለ? አልተበላሸም ነበር። እስከ 16 ባር የሚያነብ ጌጅ ነው። የተለመደው የፋብሪካ ጌጅ ደረጃው 1.6 ከሆነ፣ ከሙሉ ንባቡ 1.6 በመቶ ድረስ መሳሳት ይፈቀድለታል። የ16 ባር 1.6 በመቶ ሩብ ባር ነው። ሩብ ባር በዚያ ክዳን ላይ ከ700 ኪሎ በላይ ነው። ጌጁ ዜሮ ሲል "ምናልባት 700 ኪሎ አለ፣ ምናልባት የለም" ማለቱ ነው።

እዚህ ላይ ልጆቹን "ተጠንቀቁ" ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። እኔ ግን ጥያቄውን የማቀርበው ለነዳፊው ነው። ይህ ክዳን በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ እንደሚከፈት ያውቅ ነበር። ታዲያ ለምን ከትልቁ ጌጅ ጎን ዝቅተኛ ግፊት የሚያነብ ሌላ ጌጅ አላደረገም? ትንሹ ጌጅ በትልቁ ግፊት እንዳይሰበር የሚከላከልለት ዕቃ አለ፤ ውድም አይደለም። ለምን የአየር ማስወጫውን በቀጭን ቱቦ፣ በሁለት ክርን አጣጥፎ አወጣው? ቀጥ ያለና ሰፋ ያለ ቢሆን ዘንግ ሰድዶ መጥረግ ይቻል ነበር። ለምን በሁለት እርምጃ የሚከፈት ክዳን አልመረጠም? መጀመሪያ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ላልቶ፣ ግን ገና በጥርሱ ተይዞ፣ ውስጥ ግፊት ካለ በጫፉ የሚያፏጭ ዓይነት አለ። ግፊት ካለ መልሶ ማጥበቅ ይቻላል። በተደጋጋሚ ለሚከፈት ጋን ሌላ ክዳን ስትመርጡ ባይ ደስ አይለኝም።

ፍላንጅ፣ ማለትም በብሎን የሚታሰር የቧንቧ መጋጠሚያ፣ ስትፈቱም ያው ነው። ከእናንተ ራቅ ካለው ብሎን ጀምሩ። አላሉ እንጂ አታውልቁ። ፍላንጁ ከተላቀቀ፣ ከፈሰሰና ፍሳሹ ካለቀ በኋላ ነው ዳዶ የሚወልቀው። ይህንን ጠቃሚ ልማድ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ነዳፊው ግን ብዙ ጊዜ ለመፍቻ የሚሆን ቦታ እንኳ አይተውም። ሥዕል ላይ ቧንቧና ግድግዳ መካከል 5 ሴንቲ ሜትር አያስጨንቅም፤ መፍቻ ይዞ ለሚታገል ሰው ግን በትክክለኛው ቅደም ተከተል መፍታትን የማይቻል ያደርገዋል። ያኔ የሚደርስበትን ብሎን ብቻ መፍታት ይጀምራል።

ወደ ሌላው ልሂድ። ግፊት ስንል ሁላችንም ወደ ውጭ የሚገፋውን ነው የምናስበው። ወደ ውስጥ የሚጨመድደውን እንረሳለን። የፕላስቲክ ጠርሙስ ተመልከቱ። ለስላሳ መጠጥ ተሞልቶ ብዙ ባር ይችላል። አየሩን በአፋችሁ ስባችሁ አውጡት፤ ጭምድድ ይላል። ብረትም እንደዚያው ነው። 10 ባር ወደ ውጭ የሚችል ጋን 1 ባር ወደ ውስጥ ላይችል ይችላል። በተለይ ሰፊና ስስ ከሆነ።

ጠፍጣፋ መቀመጫ ያላቸው ትልልቅ ታንከሮች ደግሞ ከዚህ ሁሉ ይብሳሉ። ብዙዎቹ የሚችሉት ባዶነት ጥቂት ሚሊ ባር ብቻ ነው። 6 ሚሊ ባር ማለት 6 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ ማለት ነው። የመሃል ጣታችሁን ርዝመት እንኳ አይሞላም። ነገር ግን 10 ሜትር ዲያሜትር ባለው ጣሪያ ላይ ያ ትንሽ ነገር ወደ 5 ቶን ይጠጋል።

አንድ ቀን ቀለም ቀቢዎች የታንከር ጣሪያ ሊቀቡ ወጡ። አቧራና ቀለም እንዳይገባ በማለት የመተንፈሻውን ቱቦ አፍ በላስቲክ ሸፍነው አሠሩት። በጎ አስበው ነው። ከታች ያለው የፓምፕ ሠራተኛ ይህንን አያውቅም። እንደ ልማዱ ከታንከሩ ፈሳሽ የሚያወጣውን ፓምፕ አስነሳ። ላስቲኩ መጀመሪያ ወደ ውስጥ ሰመጠ። ከዚያ ታንከሩ አንድ ጊዜ "ጓ" አለ። ትከሻው በአንድ በኩል ገባ። ያ ሲሆን ጣሪያው ላይ ማንም ስላልነበረ ብቻ ነው ዛሬ የማወራው ስለ ብረት የሆነው። ስስ ላስቲክ ነበር፤ ብረቱ ግን ከላስቲኩ ቀድሞ ተሸነፈ። ይህ ዓይነት አደጋ በብዙ አገር በተደጋጋሚ ደርሷል፤ ብዙ ጊዜም ምክንያቱ ያው ነው፦ የተሸፈነ፣ የተደፈነ ወይም በወፍ ጎጆ የተዘጋ መተንፈሻ።

እንፋሎትም አለ። 1 ሊትር ውሃ ወደ እንፋሎት ሲቀየር በተራ ግፊት ወደ 1,700 ሊትር ይሆናል። ጋኑን በእንፋሎት አጥባችሁ፣ ቫልቮቹን ሁሉ ዘግታችሁ ለምሳ ከሄዳችሁ፣ ያ 1,700 ሊትር ተመልሶ 1 ሊትር ይሆናል። የቀረው ባዶ ነው። ዝናብ ከዘነበበት ደግሞ ምሳችሁን ሳትጨርሱ ይሆናል። ስለዚህ ዲዛይን ስታደርጉ "ይህ ጋን በእንፋሎት ይታጠባል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። ከታጠበ ሙሉ ቫኪዩም፣ ማለትም ውስጡ ጨርሶ ባዶ መሆንን፣ እንዲችል አድርጋችሁ ሥሩት። ብዙውን ጊዜ የሚያስፈልገው ጥቂት ማጠንከሪያ ቀለበት ነው።

ስለ ሴፍቲ ቫልቭ፣ ግፊት ሲበዛ በራሱ ተከፍቶ ስለሚያስተነፍሰው ቫልቭ፣ ብዙ ተብሏል፤ እኔ ሦስት አራት ነገር ብቻ ልበል። ሰው ሴፍቲ ቫልቭን የሚያውቀው በሚከፈትበት ግፊት ነው። "10 ባር ላይ ይከፈታል" ይላል። ጥሩ። ግን ከተከፈተ በኋላ በሰዓት ስንት ኪሎ ያስወጣል? የሚገባው ከሚወጣው ከበለጠ ቫልቩ ተከፍቶም ግፊቱ መጨመሩን ይቀጥላል። ይህ ነገር ዓመታት ቆይቶ ነው የሚያደናቅፈው። ፋብሪካው ምርት ሊጨምር ይፈልጋል። አንዱ መግቢያው ላይ ያለውን የመቆጣጠሪያ ቫልቭ በሰፋ ይቀይራል። ሌላው ለፓምፑ ትልቅ ኢምፔለር፣ ፈሳሹን የሚገፋውን ሽክርክሪት፣ ይገጥማል። ሴፍቲ ቫልቩን ማንም አልነካውም፤ የሰርተፍኬቱም ጊዜ አላለፈም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሥራው አይበቃም። ስለዚህ ሴፍቲ ቫልቭ ያለበት ስሌት ወረቀት ላይ በትልቁ ጻፉ፦ "ይህ የተሰላው መግቢያው ላይ ያለው ቫልቭ ይህን ያህል ነው ተብሎ ነው።" የሚቀጥለው ሰው እንዲያየው።

ሁለተኛ፣ ከጋኑ እስከ ሴፍቲ ቫልቩ ያለው ቱቦ አጭርና ሰፊ ይሁን። ቫልቩ ሲከፈት በዚያ ቱቦ ውስጥ የሚጠፋው ግፊት ከመክፈቻው ግፊት 3 በመቶ እንዳይበልጥ የሚለው የቆየ ደንብ በዋዛ የተቀመጠ አይደለም። ከበለጠ ቫልቩ ይከፈታል፣ ግፊት ያጣል፣ ይዘጋል፣ እንደገና ይከፈታል። በሰከንድ ብዙ ጊዜ። ድምፁን አንዴ የሰማ አይረሳውም። መቀመጫውን ይቀጠቅጠዋል፤ ቱቦውን ይሰነጥቀዋል።

ሦስተኛ፣ መውጫው ወዴት ነው? ሰው የሚያልፍበት ደረጃ ላይ የሚተፋ ሴፍቲ ቫልቭ አይቻለሁ። አራተኛ፣ በሁለት ዝግ ቫልቮች መካከል ፈሳሽ ሞልቶ የቀረ ቧንቧ። ፀሐይ ሲመታው ፈሳሹ ይለጠጣል። መሄጃ የለውም። እያንዳንዱ ዲግሪ ሙቀት ብዙ ባር ይጨምራል። መጋጠሚያውን የሚያሽገው ጋስኬት ይተፋል ወይም ቫልቩ ይሰነጠቃል። ረጅም የፈሳሽ መስመር ስትነድፉ እዚያ ላይ አንዲት ትንሽ ሴፍቲ ቫልቭ አትርሱ።

አሁን ስለ ፍተሻ። ጋኑ ተሠርቶ ሲያልቅ ከሥራ ግፊቱ ከፍ ባለ ግፊት ይፈተናል። እንደየደንቡ ከዲዛይን ግፊቱ 1.3 ወይም 1.43 እጥፍ ነው። በምን? በውሃ። ለምን በውሃ እንደሆነ ግን ብዙ ሰው አይነገረውም። ስለዚህ ውሃ ያጠረ ቀን "በኮምፕሬሰር እንሞክረው" የሚል ይነሳል።

ላሳያችሁ። 1 ሜትር ኩብ ውሃ 10 ባር ላይ የሚይዘው የታመቀ ጉልበት፣ 10 ኪሎ ድንጋይ ከ2 ሜትር ትንሽ ከፍ ካለ ቦታ ሲወድቅ ያለውን ያህል ነው። ጣት ያደቃል፤ ከዚያ አያልፍም። ያው 1 ሜትር ኩብ አየር 10 ባር ላይ ቢሆንስ? 1 ቶን የምትመዝን መኪና በሰዓት ከ180 ኪሎ ሜትር በላይ ስትከንፍ ያላትን ጉልበት ይይዛል። ልዩነቱ 6,000 እጥፍ ገደማ ነው። ብየዳው ደካማ ቢሆን በውሃ ስትፈትኑት ይነጥባል፣ ቢበዛ ይተፋል። በአየር ስትፈትኑት የጋኑ ክዳን ጣሪያ በጥሶ ይወጣል። ያጠረው ውሃ በቦቴ ቢመጣ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ግማሽ ቀን ጠብቁ።

ውሃም የራሱ ጣጣ አለው። ክብደት አለው። 2 ሜትር ዲያሜትርና 20 ሜትር ቁመት ያለው ማማ በሥራው ጋዝ ብቻ ቢይዝም፣ ለፍተሻ ስትሞሉት 63 ቶን ውሃ ይሸከማል። እግሩና መሠረቱ ለዚያ ተሰልቷል ወይ? ሲፈስስ ደግሞ ላይኛው ቫልቭ ካልተከፈተ ቅድም ወዳልኩት ጭምድድታ እንመለሳለን። ማይዝግ ብረት ከሆነ ውሃው ክሎራይድ የበዛበት እንዳይሆን፤ ከፈተናችሁም በኋላ ቶሎ አድርቁት።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልበል። ይህ ታሪክ ከሁሉም በላይ ልቤ ላይ የቀረ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1974 እንግሊዝ ውስጥ ፍሊክስቦሮ በምትባል ቦታ ለናይሎን የሚሆን ጥሬ ዕቃ የሚያመርት ፋብሪካ ነበር። ስድስት ትልልቅ ሪአክተሮች፣ ማለትም ኬሚካላዊ ለውጡ የሚካሄድባቸው ጋኖች፣ በሰልፍ ቆመዋል። እያንዳንዱ ከፊተኛው ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ፈሳሹ ከአንዱ ወደ ቀጣዩ እንዲወርድ። ውስጣቸው ያለው ሳይክሎሄክሴን ነው፤ እንደ ቤንዚን ይነዳል። ሙቀቱ ወደ 155 ዲግሪ፣ ግፊቱ ወደ 9 ባር ይጠጋል። በመጋቢት መጨረሻ አምስተኛው ሪአክተር ላይ ስንጥቅ ተገኘ። ትክክለኛ ውሳኔ ወሰኑ፦ አወጡት።

አሁን አራተኛውን ከስድስተኛው ጋር ማገናኘት አለባቸው። የሪአክተሮቹ አፍ 28 ኢንች ነው። እጃቸው ላይ ያለው ቧንቧ 20 ኢንች። ከፍታቸውም እኩል ስላልሆነ ቧንቧው ሁለት ቦታ መታጠፍ ነበረበት። በሁለቱም ጫፍ እንደ አኮርዲዮን የሚተጣጠፍ መገጣጠሚያ አለ። ሥዕሉን በጠመኔ ወርክሾፑ ወለል ላይ ሣሉት። ከዚያ ውጭ ሥዕል አልነበረም። ቧንቧው ፈሳሹን ያሳልፍ እንደሆነ አሰሉ፤ ግፊቱን ይችል እንደሆነም አዩ። ሁለቱም ደህና ነበሩ። ያልተሰላው የተጣመመ ቧንቧ ግፊት ሲሞላበት ምን እንደሚያደርግ ነው። በሁለቱ ጫፎች ላይ የሚገፋው ኃይል ከ30 ቶን በላይ ነው፤ ሁለቱ ኃይሎች ደግሞ በአንድ መስመር ላይ አይደሉም። ስለዚህ ቧንቧውን ያጣምሙታል፤ መገጣጠሚያዎቹንም ወደ ጎን ይስቧቸዋል። ቧንቧው የተቀመጠው ስካፎልዲንግ፣ ለጊዜው በሚቆም የብረት መወጣጫ፣ ላይ ነበር።

በጊዜው የፋብሪካው ዋና የሜካኒካል መሐንዲስ ለቅቆ ቦታው ክፍት ነበር። ይህንን ጥያቄ በሙያው የሚጠይቅ ሰው አልነበረም ማለት ነው። ሲፈተንም ግፊቱ እስከ 9 ባር ገደማ ብቻ ነበር የወጣው። ሴፍቲ ቫልቩ የሚከፈተው ግን 11 ላይ ነበር። ማለትም ቧንቧው በሥራ ላይ ሊደርስበት ከሚችለው ግፊት በታች ነው የተፈተነው።

ሁለት ወር ሠራ። ሰኔ 1 ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቧንቧው ተገነጠለ። 28 ሰው ሞተ። 18ቱ መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ የነበሩ ናቸው። ቅዳሜ ባይሆን ኖሮ ቢሮዎቹ ሰው ሞልቶባቸው ነበር።

እነዚያ ጠመኔ ይዘው ወለሉ ላይ የሣሉት ሰዎች ሰነፎች አልነበሩም። ሥራ የሚወዱ፣ ፋብሪካው ቶሎ እንዲነሳ የሚጥሩ ሰዎች ነበሩ። እኔና እናንተ ነን። ለዚህ ነው "ለጊዜው ነው" የሚለውን ቃል ስሰማ የምደነግጠው። ጋኑ ለጊዜው ይሁን ለዘለቄታው አያውቅም። ለዘለቄታው ብትሠሩት ኖሮ ሥዕል ታዘጋጁለት፣ ጭነቱን ታሰሉለት፣ ሌላ ሰው እንዲያየው ታደርጉ ነበር። ለጊዜው ለሚሠራውም ያንኑ አድርጉ። ወረቀቱ ላይ ደግሞ የሚነሳበትን ቀን ጻፉ።

ስለ ማስነሳትና ማቆም ሁለት ምሳሌ ሰጥቼ ልለፍ። መጋቢት 23 ቀን 2005 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ቴክሳስ ሲቲ በሚገኝ የነዳጅ ማጣሪያ አንድ ማማ ከጥገና በኋላ እየተነሳ ነበር። ለሦስት ሰዓት ያህል ፈሳሽ ይገባል፤ ምንም አይወጣም። የፈሳሹን ልክ የሚያሳየው መሣሪያ ከ3 ሜትር በታች ነው ይላል፤ እንዲያውም እየወረደ ነው ይላል። እውነተኛው ከፍታ ወደ 48 ሜትር ደርሶ ነበር። ማማው ራሱ 52 ሜትር ነው። መሣሪያው የተሠራው የታችኛውን ጥቂት ሜትር እንዲያነብ ብቻ ነበር። ነዳፊው ሲያስበው በደህናው ቀን ከዚያ በላይ ፈሳሽ አይኖርማ! ሞልቶ የፈሰሰው ነዳጅ ተቀጣጥሎ ፈነዳ። 15 ሰው ሞተ፤ የሞቱት በሙሉ በአቅራቢያው በቆሙ ተጎታች ቢሮዎች ውስጥና ዙሪያቸው የነበሩ፣ ከማስነሳቱ ሥራ ጋር ምንም ግንኙነት የሌላቸው ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ቢያንስ አንድ መሣሪያ ከታች እስከ ላይ ያለውን ያሳይ። የግፊት ልዩነት የሚለካ ርካሽ መሣሪያ እንኳ ይበቃል።

ሁለተኛው ሎንግፎርድ፣ አውስትራሊያ፣ ባለ የጋዝ ፋብሪካ የደረሰው፣ መስከረም 25 ቀን 1998 እ.ኤ.አ. ነው። የሞቀ ዘይት የሚያዘዋውር ፓምፕ ለሰዓታት ቆመ። ሂት ኤክስቼንጀሩ፣ ሙቀትን ከአንዱ ፈሳሽ ወደ ሌላው የሚያስተላልፈው ዕቃ፣ ከዜሮ በታች ወደ 48 ዲግሪ ቀዘቀዘ። ተራ የካርቦን ብረት እንዲህ ሲቀዘቅዝ መተጣጠፉን ይተውና እንደ ብርጭቆ ይሆናል። ከዚያ ሞቃቱ ዘይት ተመልሶ ሲገባ ተሰነጠቀ። ሁለት ሰው ሞተ፤ የቪክቶሪያ ግዛት ከሳምንት በላይ ያለ ጋዝ ቆየ። የጋኑ ሰሌዳ ላይ ከፍተኛው ግፊት ብቻ ሳይሆን ዝቅተኛው ሙቀትም ይጻፋል። አንብቡት። ፓምፕ ቢቆም ሙቀቱ ወዴት ይወርዳል ብላችሁም አስቡ።

ዝገትን በአንድ ቃል፦ ከኢንሱሌሽን፣ ሙቀት እንዳያልፍ ጋኑ ከሚለብሰው ልባስ፣ ሥር ያለውን ፈልጉ። ዝናብ የሚያስገባ ቀዳዳ ያለው ኢንሱሌሽን እርጥብ ፎጣ ነው። ውጭው የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም ሆኖ ሥሩ ላሜራው የተበላበትን ጋን ስትገልጡ ታያላችሁ። ፈሳሽ የማያልፍባቸውን፣ ጫፋቸው የተዘጋ ቅጥያ ቱቦዎችንም እንዲሁ። ማንም የማይጠቀምባቸው ከሆነ ቆርጣችሁ ጣሉ።

ንግግሩ ካለቀ በኋላ ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ወጣት የዲዛይን መሐንዲስ እጇን አነሳች። "እኔ ቢሮ ነው የምሠራው፤ ፋብሪካው ሩቅ ነው፤ ይህንን ሁሉ ከወንበሬ ላይ ሆኜ እንዴት አውቃለሁ?" አለች። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የመለስኩላትን እዚህም ልጻፈው።

ሥዕልሽን ከመፈረምሽ በፊት አትሚው። ጋን የሚከፍት፣ የሚያጥብ፣ ጋስኬት የሚቀይር ሰው ፈልጊ። ሩቅ ከሆነ ስልክ ደውዪ፤ ሥዕሉን ላኪለት። "ትክክል ነው ወይ?" ብለሽ አትጠይቂው፤ "አዎ" ይልሻል። "ይህንን ክዳን ለመክፈት መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ? የት ትቆማለህ? መፍቻህ በየት በኩል ይገባል? ግፊት እንዳለቀ በምን ታውቃለህ?" በይው። ዝም ብለሽ ስሚ። "እዚያ ጋ መሰላል እናስጠጋለን" ወይም "ያንን ቫልቭ ስለማንደርስበት እንተወዋለን" ያለ ጊዜ እርሳስሽን አንሺ።

እሷም ስልክ ቁጥር የምታገኝበትን መንገድ ጠየቀችኝ። ከተሰብሳቢው መካከል ሁለት የጥገና ሰዎች እጃቸውን አነሱ።